ከሞተሩ አስቀድሞ አካሉ፦ በሬዲዮ የሚታዘዙ ፈጣን ጀልባዎች እንዴት ይመረጣሉ?

እ.ኤ.አ በ1898 ኒኮላ ቴስላ በኒው ዮርክ ከተማ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተባለው አዳራሽ ለተሰበሰበ ሕዝብ አንዲት ትንሽ ጀልባ አሳየ። በጀልባዋ ላይ የተሳፈረ ሰው አልነበረም፤ የታሰረባት ገመድም አልነበረም። ይሁንና ፈልሳፊው ከርቀት በሚልከው የሬዲዮ ሞገድ እየታዘዘች በውኃ ገንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ትዞር ነበር። ለዚህ ሥራው የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ ያገኘው በዚያው ዓመት ኖቬምበር 8 ቀን ነው። በባትሪ የምትንቀሳቀሰው ያቺ ጀልባ ፍጥነቷ ዝግ ያለ ቢሆንም፣ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሐይቆችና በኩሬዎች ላይ ለሚሽቀዳደሙት በሬዲዮ የሚታዘዙ ጀልባዎች እናት ተደርጋ ትቆጠራለች።

ከዘር ሐረጓ የወጡት የዛሬዎቹ ጀልባዎች ግን በፍጥነት ከእርሷ ጋር የሚነጻጸሩ አይደሉም። ርዝመታቸው ከአንድ ሜትር የማይበልጥ፣ ነገር ግን በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበርሩ አሉ። ይህን ፍጥነት የተመለከተ ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄው «የትኛው ሞተር ይበልጣል?» የሚል ነው። ገንዘቡን በኃይለኛ ሞተር ላይ ያፈስሳል፤ ከዚያም ጀልባዋ በመጀመሪያው ቀን ተገልብጣ ትሰጥማለች፤ ወይም የፍጥነት መቆጣጠሪያዋ ጭስ አውጥቶ ይቃጠላል። ስሕተቱ ያለው በሞተሩ ጥራት ሳይሆን በምርጫው ቅደም ተከተል ነው። ትክክለኛው መንገድ በመጀመሪያ ጀልባዋ የምትሄድበትን ውኃ፣ ቀጥሎ ለዚያ ውኃ የሚስማማውን አካል፣ ከዚያ በኋላ አካሉ የሚችለውን ሞተርና ፕሮፔለር መምረጥ ነው።

ውኃን እየገፉ መሄድና በውኃ ላይ መንሸራተት

በጣና ሐይቅ ላይ የምትቀዘፍ የደንገል ታንኳ ክብደቷን የምትሸከመው ውኃውን ወደ ጎን ገፍታ በያዘችው ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ጀልባ ሲሄድ ከፊቱ ማዕበል ይፈጥራል። ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር የማዕበሉ ርዝመት ያድጋል፤ የማዕበሉ ርዝመት ከጀልባው ርዝመት ጋር በተስተካከለ ጊዜ ጀልባው በሁለት የማዕበል ጫፎች መካከል ይያዛል። ከዚያ በላይ ለመፍጠን ከፊቱ ያለውን የውኃ ኮረብታ መውጣት ይኖርበታል።

ይህን ጠባይ ጠንቅቆ ያጠናው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዊሊያም ፍሩድ ነው። ፍሩድ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ትናንሽ የመርከብ ሞዴሎችን በውኃ ላይ እየጎተተ የሚገጥማቸውን መቋቋም ይለካ ነበር። በእርሱ መንገድ ሲሰላ፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያላት ውኃ ገፊ ጀልባ በምቾት ልትሄድ የምትችለው በሰዓት 4 ነጥብ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም ከሰው እርምጃ ብዙ አይበልጥም።

ፈጣን ጀልባ ከዚህ ገደብ የምታመልጠው ከውኃው ውስጥ ወጥታ በላዩ ላይ በመንሸራተት ነው። ልጆች ጠፍጣፋ ድንጋይ በኩሬ ላይ ሲወረውሩ ድንጋዩ ሳይሰጥም እየነጠረ ይሄዳል። የፈጣን ጀልባ ሆድም በተመሳሳይ መንገድ ውኃውን ወደ ታች እየመታ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል። ውኃ ከአየር በ800 እጥፍ ገደማ የከበደ በመሆኑ፣ የጀልባዋ አካል ውኃውን የሚነካበት ስፋት ባነሰ መጠን መቋቋሙ ይቀንሳል፤ ፍጥነቷም ይጨምራል። የፈጣን ጀልባዎች ዲዛይን ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ ነው። ነገር ግን ውኃውን የምትነካበት ስፋት ሲያንስ ጀልባዋን አጥብቆ የሚይዛት ነገርም አብሮ ያንሳል። ፍጥነትና መረጋጋት የሚሸጡትና የሚለወጡት በዚህ ገበያ ነው።

አራቱ የአካል ዓይነቶች

የመጀመሪያውና ለጀማሪ የሚመከረው ነጠላ አካል ያለው፣ ሆዱ በ«ቪ» ፊደል ቅርጽ የተሠራ ጀልባ ነው። የሆዱ ግራና ቀኝ ጎን ከአግድም መስመር በ20 ዲግሪ ገደማ ወደ ላይ ያዘነብላል። ይህ ቅርጽ ማዕበሉን እንደ ቢላ እየሰነጠቀ ስለሚያልፍ ንፋስ በሚነፍስበትና ውኃው በሚናወጥበት ቀን እንኳ ይሠራል። ድክመቱ ውኃውን የሚነካው ስፋት ከሌሎቹ የሚበልጥ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በእኩል ኃይል ከሌሎቹ ኋላ ይቀራል። በዚህ ዓይነት ከተሠሩት አንዳንዶቹ በአንድ ጎናቸው ውኃ የሚገባበት ክፍል አላቸው፤ ጀልባዋ ስትገለበጥ ክፍሉ በውኃ ይሞላና በክብደቱ መልሶ ያቀናታል። ዋና ለማይችል ወይም ሌላ ጀልባ በአጠገቡ ለሌለው ሰው ይህ ታላቅ ጥቅም ነው።

ሁለተኛው ካታማራን ነው። ሁለት ቀጫጭን አካላት ጎን ለጎን ሆነው በላያቸው በተዘረጋ ወለል ይያያዛሉ፤ በመካከላቸውም የአየር መተላለፊያ ይፈጠራል። ጀልባዋ ስትፈጥን ወደ መተላለፊያው የሚገባው አየር ወደ ላይ ያነሣታል። በሰፊ መሠረት ላይ ስለምትቆም ግራና ቀኝ አትወላገድም፤ በመታጠፊያም የተረጋጋች ናት። በአንጻሩ ከፊት ለፊት ኃይለኛ ንፋስ ሲገጥማት ያው የሚያነሣት አየር ሊገለብጣት ይችላል፤ ከተገለበጠችም በራሷ አትቃናም።

ሦስተኛው ሃይድሮፕሌን የሚባለው ነው። በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ውኃውን የሚነካው በሦስት ነጥቦች ብቻ ነው፦ ከፊት በግራና በቀኝ ባሉት ሁለት ተንሳፋፊዎችና ከኋላ በፕሮፔለሩ። አራተኛው አውትሪገር የዚሁ ወንድም ሲሆን፣ ተንሳፋፊዎቹ ከቀጭኑ አካል ርቀው በዘንጎች ላይ የተገጠሙ ናቸው። ከአራቱ ዓይነቶች በእኩል ኃይል እጅግ የሚፈጥነው እርሱ ነው። ሆኖም እንደ መስታወት የረጋ ውኃ ይፈልጋል፤ አነስተኛ ሞገድ እንኳ ከመንገዱ ያስወጣዋል። ለውድድር የተዘጋጀ ሐይቅና ልምድ ያለው እጅ ለሌለው ሰው ደስታ ሳይሆን ስብራት ያተርፋል።

በዚህ ምርጫ የጀልባዋ ርዝመትም ወሳኝ ነው። አሥር ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሞገድ ለትልቅ ጀልባ ምንም ላይሆን ይችላል፤ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላላት ጀልባ ግን ግድግዳ ነው። ውኃው ዘወትር የሚናወጥ ከሆነ ረዘም ያለ አካል መምረጥ ከኃይለኛ ሞተር የበለጠ ይጠቅማል።

አፍንጫዋ ከተነሣ

አካሉ የማይችለውን ፍጥነት መጫን ምን እንደሚያስከትል በሰው ልጅ ሕይወት የተከፈለበት ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 4 ቀን 1967 እንግሊዛዊው ዶናልድ ካምቤል በሀገሩ በሚገኘው የኮኒስተን ሐይቅ ላይ የራሱን የዓለም የውኃ ላይ የፍጥነት ክብረ ወሰን ለማሻሻል ተነሣ። «ብሉበርድ ኬ7» የተባለችው ባለ ሦስት ነጥብ ሃይድሮፕሌን ጀልባው በሰዓት ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረች ሳለ አፍንጫዋ ከውኃው ተነሣ፤ ጀልባዋ ወደ ኋላ ተገልብጣ ተሰባበረች፤ ካምቤልም ሕይወቱ አለፈ። በኦክቶበር 8 ቀን 1978 አውስትራሊያዊው ኬን ዋርቢ በገዛ እጁ በሠራት ጀልባ በሰዓት 511 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሄድ አዲስ ክብረ ወሰን አስመዝግቧል።

ካምቤልን የገጠመው የተፈጥሮ ሕግ ከአንድ ሜትር ባነሰች ሞዴል ጀልባ ላይም ይሠራል። አየር በጀልባዋ ሆድ ላይ የሚያሳርፈው የማንሣት ኃይል በፍጥነቷ እጥፍ ብዜት ያድጋል፤ ፍጥነቷ ሁለት እጥፍ ሲሆን የማንሣት ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ረግታ የምትሄድ ጀልባ በ80 ኪሎ ሜትር ልትገለበጥ የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው። ሞተር መቀየር ቀላል ነው፤ አካሉ ግን ለአዲሱ ፍጥነት አልተሠራም።

ነዳጅ ወይስ ኤሌክትሪክ?

አካሉ ከተመረጠ በኋላ የሞተሩ ጉዳይ ይከተላል። በዚህ ዘርፍ ሦስት ዓይነት ሞተሮች ያገለግላሉ።

አንደኛው ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት ተቀላቅለው የሚነድዱበት ትንሽ ሞተር ነው። ከክብደቱ አንጻር ኃይሉ ከፍተኛ ነው፤ ነገር ግን ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል፣ ነዳጁ ውድ ነው፣ በየጊዜውም ማስተካከል ይፈልጋል። ሁለተኛው ከሣር ማጨጃና ከመሰል የአትክልት መሣሪያዎች ሞተር የተወረሰው ባለ ሁለት ምት የቤንዚን ሞተር ነው። 26 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ መጠን ያለው ይህ ሞተር በውኃ እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ በትላልቅ ጀልባዎች ላይ ይገጠማል። ቤንዚን በቀላሉ ስለሚገኝና በአንድ ሙሌት ለረጅም ጊዜ ስለሚሠራ ወዳጆቹ ብዙ ናቸው።

ሦስተኛውና በአሁኑ ጊዜ ለጀማሪ የሚመረጠው ብሩሽ አልባው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ጭስ የለውም፤ ድምፁ አነስተኛ ነው፤ ኃይሉንም ያለ መዘግየት ይሰጣል። ገደቡ ያለው በባትሪው ላይ ነው። 5 ሺህ ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በአማካይ 60 አምፒር ቢሳብበት በ5 ደቂቃ ውስጥ ባዶ ይሆናል። ሊቲየም ባትሪ ጨርሶ እስኪደክም ድረስ ከተሠራበት ስለሚበላሽ ጠንቃቃ ሰው በ4ኛው ደቂቃ ጀልባውን ወደ ዳር ይመልሳል።

ሐይቆቻቸው በከፍታ ላይ በሚገኙ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ ሀገራት ለኤሌክትሪኩ የሚያደላ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ16 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። የነዳጅ ሞተር የሚተነፍሰው አየር ሲቀንስ ኃይሉም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የነዳጅና የአየር ቅልቅሉም እንደገና መስተካከል ይኖርበታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማይተነፍስ በከፍታ ምክንያት ኃይሉን አያጣም።

ከግዢ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

በብሩሽ አልባ ሞተር ላይ «ኬቪ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ሞተሩ ጭነት ሳይኖርበት በእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ያመለክታል። የአንድ ሊቲየም ፖሊመር ሴል መደበኛ ቮልቴጅ 3 ነጥብ 7 ነው። ስለዚህ ባለ 4 ሴል ባትሪ 14 ነጥብ 8 ቮልት ይሰጣል፤ ኬቪው 2 ሺህ የሆነ ሞተር በዚህ ባትሪ በደቂቃ 29 ሺህ 600 ዙር ይዞራል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ፕሮፔለር ነው። ፕሮፔለር ሁለት መለኪያዎች አሉት፦ የክቡ ስፋትና በአንድ ዙር ወደ ፊት ሊራመድ የሚችለው ርቀት። ክቡ 42 ሚሊ ሜትር፣ የእርምጃው መጠንም የዚህ 1 ነጥብ 4 እጥፍ የሆነ ፕሮፔለር በአንድ ዙር 58 ነጥብ 8 ሚሊ ሜትር ይራመዳል። ሞተሩ በጭነት ላይ ሆኖ በደቂቃ 25 ሺህ ጊዜ ቢዞር፣ ስሌቱ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ውኃ ጠጣር ስላልሆነ ፕሮፔለሩ የተወሰነውን እርምጃ በመንሸራተት ያጣል፤ 15 በመቶውን ቢያጣ የጀልባዋ ፍጥነት ወደ 75 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ የሠራ ሰው ሻጭ የሚነግረውን የፍጥነት ቁጥር ሳይገዛ መመዘን ይችላል።

ብዙ መሣሪያ የሚቃጠለውም እዚሁ ላይ ነው። በእኩል የዙር ፍጥነት አንድ ፕሮፔለር የሚበላው ኃይል ከክቡ ስፋት ጋር በአምስተኛ ደረጃ ብዜት ያድጋል። ከ40 ሚሊ ሜትር ወደ 44 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ለዓይን ትንሽ ልዩነት ነው፤ የሚጠይቀው ኃይል ግን በ60 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ያ ተጨማሪ ኃይል ከባትሪው ተስቦ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ማለፍ አለበት። «ትንሽ ሰፋ ያለ ባደርገውስ?» ብሎ የጀመረ ሰው መቆጣጠሪያውን አቃጥሎ የሚመለሰው ይህን ባለማስተዋል ነው።

ኃይል የሚፈልግ ሰው የአምፒሩን መጠን ከመጨመር ይልቅ ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ይመከራል። ለምሳሌ 1 ሺህ 480 ዋት በ14 ነጥብ 8 ቮልት ለማግኘት 100 አምፒር ያስፈልጋል፤ በባለ 6 ሴሉ 22 ነጥብ 2 ቮልት ግን 67 አምፒር ገደማ ይበቃል። በሽቦና በመቆጣጠሪያ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በአምፒሩ እጥፍ ብዜት ስለሚያድግ፣ ሙቀቱ በዚህ ለውጥ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ቮልቴጁ ሲጨምር ግን የሞተሩ ኬቪ በዚያው ልክ ዝቅ ማለት አለበት፤ ለባለ 6 ሴል ባትሪ 1 ሺህ 350 ገደማ ኬቪ ያለው ሞተር ከላይ ከተጠቀሰው ጋር ተመሳሳይ ዙር ይሰጣል።

ሚዛንና ማስተካከያ

የተሟላች ጀልባም ብትሆን ክብደቷ በተገቢው ቦታ ካላረፈ አትሄድም። በ«ቪ» ቅርጽ ጀልባዎች ላይ የክብደቱ ማዕከል ከኋላ ጫፍ ተለክቶ በርዝመቷ 30 በመቶ አካባቢ እንዲያርፍ ማድረግ የተለመደ መነሻ ነው። አፍንጫዋ እየተነሣ እየወደቀ የምትዘልል ከሆነ ባትሪው ጥቂት ወደ ፊት ይገፋል፤ ሆዷ ከውኃው ጋር ተጣብቆ ከዘገየች ደግሞ ጥቂት ወደ ኋላ ይሳባል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ይገባል፤ ሁለት ነገሮች አብረው ከተለወጡ የትኛው እንደጠቀመና የትኛው እንደጎዳ አይታወቅም።

የመጀመሪያው ሙከራ በአነስተኛ ፕሮፔለር፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ይደረጋል። ጀልባዋ ወደ ዳር ስትመለስ የባትሪው፣ የሞተሩና የመቆጣጠሪያው ሙቀት ይለካል። ባትሪው ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ ፕሮፔለሩ ለዚያ ጀልባ በዝቷል ማለት ነው። የአብዛኞቹ ፈጣን ጀልባዎች ሞተርና መቆጣጠሪያ የሚቀዘቅዙት ከታች በቀጭን ቱቦ በሚገባ የሐይቅ ውኃ ነው። በጎን በኩል የሚፈሰው ውኃ ከተቋረጠ ቱቦው ተደፍኗል፤ ጀልባዋም ወዲያውኑ መቆም አለባት። እንደ እምቦጭ ያለ አረም ባለበት ውኃ ይህ አደጋ ይበረታል፤ ሥሩ በፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩን ያንቀዋል፣ ቱቦውንም ይደፍናል። አረም የሚንሳፈፍበት ውኃ ለፈጣን ጀልባ አይሆንም።

ከጨዋታ በላይ

እነዚህ ጀልባዎች ከመጫወቻ ጋር ቢመሳሰሉም መጫወቻ አይደሉም። 3 ኪሎ ግራም የምትመዝንና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጀልባ የምትይዘው ጉልበት ያው ክብደት ከ25 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከስምንተኛ ፎቅ ገደማ ሲወድቅ ከሚኖረው ጋር እኩል ነው። ሰዎች በሚዋኙበት፣ ዓሣ አስጋሪዎች መረብ በጣሉበት ወይም የውኃ ወፎች በሰፈሩበት አካባቢ መንዳት የማይፈቀደው ለዚህ ነው።

በደቂቃ 25 ሺህ ጊዜ የሚዞር ፕሮፔለር ጣትን ለመቁረጥ ቅጽበት ይበቃዋል፤ ባትሪው ተያይዞ ሳለ እጅ ወደ እርሱ መቅረብ የለበትም። በቅድሚያ የሬዲዮ መቆጣጠሪያው ይበራል፣ ከዚያም የጀልባዋ ባትሪ ይያያዛል፤ ሲጠናቀቅ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። የሬዲዮ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ሞተሩ በራሱ እንዲቆም የሚያደርገው ቅንብርም ጀልባዋ ውኃ ከመንካቷ በፊት መፈተሽ አለበት።

ሊቲየም ባትሪ ለእርሱ በተሠራ ቻርጀር፣ ከሚቀጣጠል ነገር በራቀ ቦታ፣ ሰው እያየው ይሞላል። ያበጠ ባትሪ ዳግመኛ አያገለግልም። በመጨረሻም በጀልባዋ ባዶ ክፍሎች ውስጥ የሚንሳፈፍ ፎም መሙላት ይገባል፤ ውኃ የገባባት ጀልባ እንዳትሰጥም፣ ባለቤቷም እርሷን ለማዳን ሲል ወደ ጥልቅ ውኃ እንዳይገባ የሚጠብቀው ይኸው ርካሽ ነገር ነው።

ከሁሉም በላይ ጀማሪው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ወደ ውኃው ዳር ሄዶ ቢያስተውል ይበጀዋል። ውኃው በየትኛው ሰዓት ይረጋል? ንፋሱ ከየት ይነሣል? ዳሩ ላይ ማን ይቆማል? የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ የያዘ ሰው ለዚያ ውኃ የሚሆነውን አካል ይለያል። አካሉ ደግሞ ምን ያህል ኃይል እንደሚችል ራሱ ይናገራል።